ያረጀ የጥልቀት መለኪያ፦ አዲሱን ከውስጥ ማጣበቅ ይቻላል?

በስቶክሆልም ደሴቶች መካከል የምጓዝባት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች ባለ ሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ከእሷ ጋር አብሮ ያረጀው የጥልቀት መለኪያ እስከ 5 ሜትር ድረስ በትክክል ያነባል፤ ከዚያ ሲጠልቅ ግን ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠፋል። ወደ ማሳያው የሚደርሰውን ኃይል ብለካው 12.6 ቮልት ነው። ማያያዣዎቹን አጽድቻለሁ፤ ጠልቄም በትራንስዱሰሩ (የድምፅ ሞገድ ወደ ውሃው ልኮ ማሚቶውን በሚቀበለው የመለኪያው ክፍል) ፊት ላይ የበቀለውን አልጌ ጠርጌያለሁ (የውሃውን ቅዝቃዜ ባላነሣው ይሻላል)፤ ለውጥ ግን አላመጣም። ትራንስዱሰሩ የጀልባዋን ወለል በስቶ የወጣ በመሆኑ፣ እሱን ለመቀየር ጀልባዋን ከውሃ ማውጣት ግድ ይላል፤ ይህን ደግሞ ከመስከረም በፊት ማድረግ አልችልም። ወለሉ በመካከሉ ፎምም ሆነ እንጨት የሌለበት ድፍን ፋይበርግላስ ስለሆነ፣ ባለ 200 ኪሎኸርትዝ አዲስ ትራንስዱሰር ከውስጥ በኤፖክሲ ባጣብቅ እስከ 30 ሜትር ድረስ በአስተማማኝ ሁኔታ ያነብልኛል?