«የዳዊት ካድሬ» እና የጊብዓ ሌሊት

የቅኔ ተማሪ፦ ትናንት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ አንዱ ተነስቶ «መሳፍንት 19ን የጻፈው የዳዊት ካድሬ ነው፤ የሳኦልን ከተማ ጊብዓን ሊያሳጣ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማስረጃው ታሪኩ የሎጥንና የሰዶምን ታሪክ መምሰሉ ነው። ተመሳሰለ ማለት ተፈጠረ ማለት ነው?

ጠያቂው፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ግማሹን ውጠህ ግማሹን አመጣህ። መንገዱን ተመልከት። ሌዋዊው ቁባቱን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ የተነሳው ከቤተ ልሔም ነው፤ አማቱ አብልቶ አጠጥቶ አልለቅህም ሲለው ከርሞ። ኢያቡስ፣ የኋላዋ ኢየሩሳሌም፣ አጠገብ ሲደርስ መሸ፤ የባዕድ ከተማ ናት ብሎ አለፋት። ጊብዓ አደባባይ ተቀምጦ ግን አንድ እንግዳ ሽማግሌ እስኪደርስለት የሚያስገባው አጣ። ሌሊት የከተማው ሰዎች ቤቱን ከበቡ፤ ቁባቱን እስኪነጋ አዋረዷት፣ ሞተች። ቤተ ልሔም የማን አገር ናት? ኢያቡስ ኋላ የማን ከተማ ሆነች? ጊብዓስ የሳኦል አይደለችም?

መሪጌታው፦ ይህ ካድሬህ ደመወዙ ይቆረጥ። እስራኤል ይህን ሊበቀል የጊብዓን ነገድ ብንያምን ለመውጋት ማን ይቅደም ሲባል «ይሁዳ» ተባለ። በመጀመሪያው ቀን 22,000፣ በማግስቱ 18,000 ሰው አለቀ። የጌታውን የዳዊትን ነገድ ግንባር አሰልፎ ሽንፈቱን በቁጥር የሚመዘግብ ካድሬ የት አገር አየህ?

ጠያቂው፦ መሪጌታ፣ በሦስተኛው ቀን ማን እንዳሸነፈም ይንገሩን እንጂ።

ሰናይት፦ እናንተ ለዙፋን ትሟገታላችሁ፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ወድቃ እጇ መድረኩን ይዟል። በሰዶም መላእክቱ ሎጥን ስበው አስገቡት፣ ሕዝቡን አሳወሩት፣ ልጆቹም ተረፉ። እዚህ የሚያሳውር መልአክ የለም። ቁባቱን ይዞ ያወጣላቸው ራሱ ሰውየው ነው፤ ጠዋት ደግሞ «ተነሺ እንሂድ» ይላታል። በጉባኤ ፊት ሊገድሉኝ ፈለጉ ብሎ ሲከስ ማን እንዳወጣት አይናገርም። የሰዶም ታሪክ ከበስተጀርባው የቆመው ይህ እንዲታይ ነው።

የቅኔ ተማሪ፦ ያወጣት የቤቱ ጌታ ሽማግሌው ሊሆን ይችላል እኮ።

ሰናይት፦ «ቁባቱን» ይላል። የሽማግሌው ቁባት ነበረች?

ጠያቂው፦ ወደ ጉዳያችን። ሌዋዊው ሬሳዋን 12 ቦታ ቆራርጦ በእስራኤል አገር ሁሉ ላከ። ሳኦልስ በ1ኛ ሳሙኤል 11 ጥማድ በሬውን ቆራርጦ አልላከም? ያውም ኢያቢስ ገለዓድን ለማዳን፤ በመሳፍንት 21 ለጦርነቱ አልወጣችም ተብላ የተጨፈጨፈችውን ከተማ!

መሪጌታው፦ ከዚያች ከተማ 400 ደናግል ተወስደው ለብንያማውያን ተዳሩ። ሳኦል ብንያማዊ ነው፤ ለአያቶቹ ወገን ቢደርስ ምን ይገርማል? የኢያቢስ ሰዎችም ሬሳውን ከቤትሳን ቅጥር አውርደው ቀበሩት። እኔ ዝምድና አነባለሁ፣ አንተ ቅጂ። ደግሞስ ካድሬህ ይህን የሳኦልን ውለታ ለምን አልፋቀውም?

ጠያቂው፦ እሱን የጻፈው ሌላ ነው።

መሪጌታው፦ ዳዊት ያስገደለውን የኦርዮን ደም የጻፈውስ? ስንት ካድሬ አለህ?

ጠያቂው፦ መሪጌታ፣ ዙፋን የያዘ ታሪክ እንደሚጽፍ እኛ አናጣውም። ከይኩኖ አምላክ በኋላ ዛጉዌዎች ምን ተባሉ?

የቅኔ ተማሪ፦ የላሊበላ ገድል የተጻፈው በማን ዘመን ነው? በሰሎሞናውያን። ካድሬ ቅዱስ ይላል?

ጠያቂው፦ ገድሉን አላነሳሁም።

የቅኔ ተማሪ፦ ዛጉዌን ማን አነሳ? ደግሞ ሆሴዕ የጊብዓን ዘመን ደጋግሞ ያነሳል፤ የሰሜን ነቢይ ነው። እሱንም ኢየሩሳሌም ትከፍለው ነበር በለኛ!

ጠያቂው፦ ስም ማጥፋት ጎረቤት ድረስ አይደርስም? ይህንስ መልሱልኝ፤ ከብንያም የተረፉት በሬሞን ዓለት የተሸሸጉ 600 ወንዶች ናቸው። በ1ኛ ሳሙኤል 14 በጊብዓ ዳር ከሳኦል ጋር የነበሩት ስንት ናቸው? 600 ያህል!

መሪጌታው፦ ከዳዊት ጋር ወደ ጌት የተሻገሩትም 600። የዳን ሰዎች ወደ ሌሳ ሲዘምቱም 600።

ጠያቂው፦ እሱ ሌላ ነው።

ሰናይት፦ ሌላኛው ካድሬ ነው።