ለፈተና ጭንቀት ፕሮፕራኖሎል ልዋጥ ወይስ ልተወው?

የቢቸናው ልጅ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ከተማ የምማር የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና በቅርቡ እቀመጣለሁ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን እንደማያገኝ ታውቃላችሁ። ስለማጥናቴ አልጠራጠርም፤ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኞቼን የማስረዳው እኔ ነኝ። ችግሬ የሚጀምረው የአዳራሹ በር ላይ ተሰልፈን መታወቂያ ስናሳይ ነው። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ በላብ ይርሳል፤ ባለፈው ሴሚስተር እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የጻፍሁትን ስሜን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግሜ እያነበብሁ ሳይገባኝ ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ግን መልሱ ተራ በተራ መጣልኝ።

የዶርም ጓደኛዬ ይህን አይቶ፣ ያለ ማዘዣ ከገዛው ባለ 40 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል ስድስት ፍሬ ሰጠኝና «ከፈተናው አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ አንዷን ዋጥ» አለኝ። እስካሁን አልዋጥሁም። የምታውቁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፋርማሲስቷ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ሳትውጥ መጠየቅህ ደግ አደረግህ። ፕሮፕራኖሎል ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብላክ ለልብ ሕመምተኞች ብሎ የሠራው መድኃኒት ነው፤ እርሱም በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ስንፈራ ሰውነታችን የሚያመነጨው አድሬናሊን በልብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚይዝ የልብ ምትን ያዘገያል፣ የእጅን መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። መድረክ የሚያስፈራቸው ሙዚቀኞች የሚወስዱት ለዚህ ነው። ነገር ግን የሚያበርደው ሰውነትን እንጂ «ብወድቅስ?» የሚለውን ሐሳብ አይደለም፤ ዋናው ጠላትህ ሐሳቡ ከሆነ ልብህ ረግቶም ወረቀቱ ላይ ፈዝዘህ ልትቀር ትችላለህ።

ከዚያ በፊት ግን ልጠይቅህ። አስም አለብህን? የደም ግፊትህ ዝቅ ያለ ነው? አንገትህ ላይ እንቅርት አለ? የመጨረሻውን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ በደጋው ጎጃም እንቅርት ብዙ ነው፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ደግሞ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ያልባልም፤ ሰዎች ጭንቀት ነው ብለው ያልፉታል። ጫትና ቡናም ልብን እንደሚያፈጥኑ አትርሳ፤ ሌሊቱን ቅሞ አድሮ ጠዋት ልቤን አረጋጉልኝ የሚል ተማሪ ስንት ጊዜ መስኮቴ ላይ ቆሟል!

የቢቸናው ልጅ፦
ጫት አልቅምም፤ እንቅርትም የለብኝም። አስም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። ማለዳ ብርዱ ስለሚያስነሣብኝ ፈተና ከመግባቴ በፊት የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ እስባለሁ። ይህ ከጥያቄዬ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ አልጻፍሁትም ነበር።

ፋርማሲስቷ ከባሕር ዳር፦
እንዴት አይገናኝም! ፕሮፕራኖሎል የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ ሊያጠብበው ይችላል፤ ይባስ ብሎ ሳልቡታሞሉ የሚሠራበትን ቦታ አስቀድሞ ስለሚይዘው፣ አዳራሽ ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥርህ ያ የለመድኸው መሣቢያ እንደ ወትሮው ላያድንህ ይችላል። ስለዚህ ያቺን ፍሬ አትንካት። ሁለተኛው ነገር፣ ሳልቡታሞል ራሱ በተለይ ሲደጋገም እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ያስመታል። ከምትፈራው መንቀጥቀጥ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በራስህ ግን አታቋርጠው፤ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ይህን ሁሉ ንገረው። አስሙን በየቀኑ በሚወሰድ ሌላ መድኃኒት መቆጣጠር ከተቻለ ጠዋት ጠዋት ያን ያህል መሳብ አያስፈልግህም።

እኅት ከፍኖተ ሰላም፦
እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛዬ ተቀብዬ የዋጥሁት ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ነበር። ፍርሃቱ በእርግጥ ለቀቀኝ፤ ነገር ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ አንቀላፍቼ ፈታኙ ትከሻዬን ነክቶ ቀሰቀሰኝ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ከማምጣቱ በላይ አዲስ ነገር መያዝን እንደሚያውክ፣ ሲደጋገምም ሱስ እንደሚሆን የነገረኝ ሐኪም ኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የረዳኝ የተማሪዎች አማካሪ ነች። የቆዩ ፈተናዎችን በእውነተኛው የፈተና ሰዓት፣ በማላውቀው ክፍል፣ ሰዓት ፊት ለፊቴ አስቀምጣ ታሠራኝ ነበር። ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦
ልጄ፣ ይህ የመድኃኒት ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ሳለሁ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ አብሾ የሚጠጣ ነበር። ከአስተናግር ፍሬ የተቀመመውን የጠጣ አንድ ባልንጀራችን ሌሊቱን ሙሉ ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስል እጁን ሲያወናጭፍ አደረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን እንኳ አልሞላም። ኋላ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሳነብ፣ አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት፣ እነርሱም ልብን የሚያፈጥኑ፣ ማስታወስንም የሚያውኩ እንደሆኑ ተረዳሁ። ፍርሃታችንን ያስለቀቀን በየዕለቱ የኔታ ፊት ቀርበን ቅኔ መንገራችን፣ ተሳስተንም በነጋታው መመለሳችን ነበር። የእኅታችን አማካሪ ያደረገችውም ከዚሁ አይርቅም።

የቢቸናው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሐሙስ የሐኪም ተራ ይዣለሁ፤ የመለማመጃ ፈተናውንም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ እንጀምራለን። ስድስቱን ፍሬ ለጓደኛዬ ስመልስለት ግን እርሱ ራሱ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ እንደሚውጥ ነገረኝ። ያነበብሁትን ሳሳየው ደንግጦ «ዛሬውኑ እጥለዋለሁ» ይላል።

ፋርማሲስቷ ከባሕር ዳር፦
እንዳይጥል! በየቀኑ ሲወሰድ የቆየን ፕሮፕራኖሎል በአንድ ጊዜ ማቆም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊያሻቅብ ይችላል፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰውማ አደገኛ ነው። መጠኑ በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ሐሙስ አብሮህ ይሂድ፤ የሚውጠውንም እሽግ ይዞ ይምጣ።