የሌሊት ፈረቃ ልገባ ነው፤ ፈረሴን በክፍያ የሚያይልኝ ሰው ዛሬ ተወኝ

ዳማ (ጠያቂ)፦ ጠዋትና ማታ እየመጣ ፈረሴን በክፍያ ይንከባከብልኝ የነበረው ሰው ሥራውን መተዉን ዛሬ ጠዋት በስልክ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ለአራት ተከታታይ ሌሊቶች የ12 ሰዓት ፈረቃ አለብኝ። ጎረቤቴ ሊረዳኝ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ከብት እንጂ ፈረስ አርብቶ አያውቅም። ምን ላሳየው? ክፍያውንስ በወር ነው ወይስ በመጣ ቁጥር የምተምነው? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የጋጣ ሰው፦ ፈረሱ የሚውለው ግጦሽ ላይ ነው ወይስ ጋጣ ውስጥ? ክብደቱስ ስንት ነው? ይህን ሳይነግሩን መልስ መስጠት ያስቸግራል።

ዳማ፦ ይቅርታ፣ በችኮላ ዘነጋሁት። ቀን ግቢ ውስጥ ይፈታል፣ ሌሊት ጋጣ ያድራል። ብቻውን ነው፤ ክብደቱ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል።

የጋጣ ሰው፦ እንግዲያውስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን፣ ማለትም ከ6 እስከ 8 ኪሎ ድርቆሽ ያስፈልገዋል። የፈረስ ጨጓራ ባይበላም አሲድ ማመንጨቱን ስለማያቆም፣ ምሽት የተሰጠው በሁለት ሰዓት አልቆ እስከ ንጋት ባዶውን ቢያድር ለጨጓራ ቁስለት ይጋለጣል። ስለዚህ ድርቆሹን ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ውስጥ አድርገው ይስቀሉለት፤ ቀስ እያለ ሲመዝ ያድራል። ከመሄድዎ በፊት የአራቱንም ቀን በሚዛን ለክተው፣ በየጥቅሉ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉበት። ጎረቤትዎ የሚወስነው ነገር ባነሰ መጠን ስህተቱም ያንሳል።

የድሮ ፈረሰኛ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ለጎረቤትህ ፈረስ ከብት አለመሆኑን አስረዳው። ፈረስ አያመሰኳም፤ ማስመለስም ስለማይችል የሻገተ ድርቆሽ ወይም ያለ ልክ የተሰፈረ ገብስ አንዴ ከዋጠ መመለሻ የለውም። ጎረቤትህ በደግነት ከራሱ ከብቶች መኖ ቆንጥሮ እንዳይሰጠው አጥብቀህ ንገረው፤ በአንዳንድ የከብትና የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞነንሲን የተባለው መድኃኒት ፈረስን ይገድላል። የእህሉን ማስቀመጫ ቆልፈው። ፈረሱ መሬት ከጎደፈረ፣ ወደ ጎኑ እየዞረ ካየ፣ ተኝቶ እየተነሣ ከተንከባለለ ወይም ጋጣው ውስጥ ፋንድያ ከጠፋ ቁርጠት ሊሆን ይችላልና መኖውን አንሥቶ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። በእኛ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነበር ከፈረሱ ጋር የሚያድረው፤ ፈረስ የጌታውን ኮቴ ያውቃል፣ ይህን በገንዘብ አትተካውም።

ባዝራ፦ እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ችግሩ ሰውየው መልቀቁ አይደለም። ፈረቃው የሚዞር ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ረዳት ላይ ከጣለ በሚቀጥለው ወርም እዚሁ ችግር ላይ ይወድቃል። ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሌሎች ፈረሶች ባሉበት፣ ቋሚ ሠራተኛ በሚገኝበት ጋጣ በወር ክፍያ ቢያስቀምጡት ለእርስዎም ለእሱም ይሻላል።

ዳማ፦ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም ዛሬ ማታ የሚያበላው ሰው ነው የጨነቀኝ። አባቴ፣ ስለ ከብት መኖው ፈጽሞ አላውቅም ነበርና እግዜር ይስጥልኝ።

ሰኮና፦ ድርቆሹን በጠባብ ቀዳዳ መረብ ቢሰጡት ሌሊቱን ሙሉ ይቆይለታል።

የጋጣ ሰው፦ ይህ ተብሏል። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት፤ መረቡ ባዶ ሲሆን ወደ ታች ስለሚረዝም፣ በተለይ ብረት የተጫማ ፈረስ ከሆነ እግሩ እንዳይገባበት ከፍ አድርገው ይሰሩት።

ቅጥረኛ፦ በክፍያ የሰው ፈረስ የምንከባከብ ነኝ፤ ከደንበኞቼ አብዛኞቹ የፈረቃ ሠራተኞች ስለሆኑ ስለ ክፍያው እኔ ልመልስ። የተለየኋቸው ደንበኞች ክፍያቸው አንሶ አልነበረም፤ ፈረቃቸውን ዋዜማው ላይ እየነገሩኝ የራሴን ቀን ማቀድ ስላቃተኝ ነው። ፈረቃዎ ስለሚለዋወጥ በምልልስ ቁጥር ይክፈሉ፤ በአንድ ምልልስ ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ማለትም መኖ፣ ውኃ፣ ፋንድያ ማውጣት፣ አራቱንም ሰኮና አንሥቶ ማየት፣ በጽሑፍ ይስማሙ። ሰኮና ሠሪውን መጠበቅን የመሰለ ተጨማሪ ሥራ ለብቻው ይከፈል። የፈረቃ ሰሌዳው እንደወጣ ቅጂውን ይስጡት፤ በዕለቱ «ዛሬ ቅር» ካሉት የዚያን ምልልስ ሂሳብ አይቀንሱበት፣ ምክንያቱም ያን ሰዓት ለእርስዎ ብሎ ሌላ ሥራ ትቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ሥራ ላይ ስልክ ማንሣት የማይችሉ ከሆነ፣ ረዳትዎ ሳያስፈቅድዎ ሐኪም መጥራት እንደሚችልና እስከ ምን ያህል ወጪ እንደሚፈቅዱለት ዛሬውኑ ጽፈው ይፈርሙለት። ፈረስ በቁርጠት ሲንፈራገጥ ቆሜ ባለቤቱን በስልክ ስፈልግ ያለፈብኝን ሌሊት አልረሳውም።

ዳማ፦ ሥራ ላይ ስልካችንን ሣጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፤ ይህ ጨርሶ አልታሰበኝም። ወረቀቱን አሁን እጽፋለሁ። ጎረቤቴ 11 ሰዓት ላይ ይመጣል።

ቅጥረኛ፦ እንግዲያው ከመሄድዎ በፊት እርስዎ ቆመው እያዩ እሱ አንድ ጊዜ ሙሉ ሥራውን ይሥራ፤ ይህንንም እንደ አንድ ምልልስ ይክፈሉት። ሰኮና ማንሣት ከፈራ ለዛሬ አያስገድዱት፤ ውኃውንና ድርቆሹን በሰዓቱ ካደረሰ ሰኮናውን ጠዋት ሲመለሱ ራስዎ ያዩታል።

ባዝራ፦ ውኃው በስንት ባልዲ ነው የሚቀመጠው? አንዱን ቢደፋው እስከ ንጋት የሚበቃ ሁለተኛ ይኖረዋል?