አስቸኳይ! ቅዳሜ ምርጫ ነው፣ ስሜ ከእጩዎች ዝርዝር ወጥቷል

የመንዟ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለሊቀመንበርነት ተጠቁሜ ነበር። አሁን በቴሌግራም በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሜ የለም። አስመራጭ ኮሚቴውን ስጠይቅ «የዓመቱን መዋጮ አልከፈልሽም» አሉኝ። ከፍያለሁ እኮ! ጉባኤው ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ነው፤ እኔ መሃል ሜዳ ነኝ።

ጣርማበር
የምን ማኅበር? በምን ከፈልሽ?

የመንዟ
የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ነው፣ የበጎ ፈቃድ። በቴሌብር ነው የላክሁት፣ በገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር። ሁሉም እንደዚያ ነው የከፈለው።

አንጋፋው
ልጄ፣ መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። የሙያ ማኅበራት ዛሬ የሚተዳደሩት በ2011 ዓ.ም በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በፊት የነበረው 621 ብዙዎቻችንን አንቆ ይዞን ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ማኅበር በመብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። እናም ይህን ምርጫ እንደ ቀላል ነገር አትዪው። የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ አስመራጭ ኮሚቴው አይደለም። ይህን ያዢ።

ሸዋሮቢት
ጋሼ፣ ልጅቷ የቀራት አንድ ቀን ነው! እህቴ፣ ቴሌብር ላይ የግብይት ታሪክ ውስጥ ግቢ። ቀኑ፣ የተቀባዩ ስም፣ የግብይት ቁጥሩ ሁሉ አለ። ስክሪንሹት አንሺው። ከ127 የገባልሽን መልእክትም እንዳታጠፊው።

እነዋሪ
እኔ ግን ልጠይቅሽ፣ ሊቀመንበርነቱ ምን ያደርግልሻል? ደሞዝ የለው፣ አበል የለው። በራስሽ ካርድ ስትደውዪ መዋል ነው። መጀመሪያ ጸሐፊ ሁኚ። ማኅበሩን በደንብ የሚያውቀው ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ነው።

የመንዟ
ለሥልጣን አይደለም። የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ቅዝቃዜ ካጣ ተበላሸ ማለት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አይስ ቦክስ ትከሻ ላይ አንግቶ በእግር ቀበሌ የሚወርደው ባለሙያ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ይሆናል። ገበሬው በጉ ሲሞትበት የሚቆጣው እኛን ነው። ማኅበሩ ግን በዓመት አንዴ ተሰብስቦ፣ ምሳ በልቶ ይበተናል። ይህ መለወጥ አለበት።

ሸዋሮቢት
እናንተስ ደጋ ናችሁ። እኛ ቆላ ያለነው ምን እንበል? እዚህ ክትባቱ ከኛ ቀድሞ ያልበዋል!

እነዋሪ
እሺ፣ አሁን ገባኝ። ቅዳሜ ይህንኑ ተናገሪ። ሌላ ንግግር አያስፈልግሽም።

ቆቅ
ቴሌብር ታሪክ ውስጥ ገብተሽ ስክሪንሹት አንሺ።

ጣርማበር
ተብሏል እኮ ወንድሜ።

ዓለም ከተማ
እኔ በሌላ ማኅበር አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዛሬውኑ በጽሑፍ ቅሬታ አስገቢ፣ ስክሪንሹቱን አያይዢ። በስልክ የተነገረ ነገር ነገ «አልሰማንም» ይባላል። ከዚያ የመተዳደሪያ ደንቡን አውጪና ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ቅሬታ እስከ መቼ ይቀርባል? ጉባኤው ላይ ከተሰብሳቢው ጥቆማ ይፈቀዳል ወይ? ከተፈቀደ፣ አንድ ሰው ይጠቁምሻል፣ ሌላው ይደግፍሻል። ሁለቱንም ዛሬ አነጋግሪያቸው፤ መዋጯቸውን መክፈላቸውንም አረጋግጪ። ካልተፈቀደ፣ አጀንዳው ሳይጸድቅ በፊት እጅሽን አውጪና ጉዳዩ ለጉባኤው ይቅረብ በይ። አጀንዳ ከጸደቀ በኋላ ብትጮኺ የሚሰማሽ የለም። ተቃውሞሽ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ገንዘብ ያዡን ደግሞ ሰው ፊት እንዳትወነጅዪው። ምናልባት ደብተሩ ላይ ሳያሰፍረው ቀርቶ ይሆናል።

የመንዟ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታሪኩን አገኘሁት፣ ስሙም ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ አለ። ገንዘብ ያዡ ስልክ አያነሳም። ቅሬታውን ለኮሚቴው ሰብሳቢ በቴሌግራም ልኬያለሁ። አይቶታል፣ አልመለሰም።

ዓለም ከተማ
ወረቀትም አትሚ፣ ሁለት ኮፒ። በአንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምልሽ።

ጣርማበር
አርብ ከሰዓት በፊት ተነሺ እንጂ ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ እንዳትዪ። እዚህ ጉሙ ሲወርድ መኪና እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው።

ሸዋሮቢት
(ሰኞ) እህታችን፣ ምን ሆነ? ተመረጥሽ?

አንጋፋው
እኔም እየጠበቅሁ ነው ልጄ።

ጫጫ
ይቅርታ፣ የኔም ተመሳሳይ ነው፤ ግን መዋጮውን በእጄ ነው የሰጠሁት፣ ደረሰኝም አልተቆረጠልኝም። የኛ ምርጫ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ይሻለኛል?