ባደገ ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሚከፋፈሉት ህዋሳት መጨረሻቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ጉዳት ያልደረሰበትን ያደገ አይጥ ህብለ ሰረሰር እየመረመርኩ ነው። የሚከፋፈሉ ህዋሳትን ለመለየት ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን (በሚከፋፈሉ ህዋሳት ዲኤንኤ ውስጥ ገብቶ ምልክት የሚሆን ውህድ) ሰጥቼ ስስ ቁራጮቹን በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ ምልክቱን የያዙት ኒውክሊየሶች በማዕከላዊው ቦይ ዙሪያ ይበዛሉ ብዬ ጠብቄ ሳለ፣ አብዛኞቹን ያገኘኋቸው የነርቭ ክሮች በሚበዙበት በነጩ ክፍል፣ ወደ ውጭው ጠርዝ ተበታትነው ነው፤ አንዳንዶቹም ገና መለያየታቸው ይመስል ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ። በግራጫው ክፍል ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ከኒውሮን (የነርቭ ህዋስ) መለያ ጋር የተደረበ የሚመስል አንድ ህዋስ አይቻለሁ። አዲስ የተወለደ ኒውሮን ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ 1
ያዩት ስርጭት ትክክል ስለሆነ አይጠራጠሩ። በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጤነኛ አይጦች ላይ የታተመ ጥናትም ክፍፍሉ በመላው ህብለ ሰረሰር እንደሚካሄድና በውጭው ዙሪያ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ ከተከፋፈሉት ውስጥ ግሊያ (ኒውሮኖችን የሚደግፉ ህዋሳት) የሆኑ ሲገኙ ኒውሮን ግን አልተገኘም። በነጩ ክፍል የሚያዩዋቸው በብዛት የኦሊጎዴንድሮሳይት (የነርቭ ክሮችን የሚሸፍን የግሊያ ዓይነት) ቀዳሚ ህዋሳት ናቸው።

ስለ አንዷ ህዋስ ግን እባክዎ አይቸኩሉ። ከኒውሮን አካል ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ አጃቢ ግሊያዎች አሉ፤ ከላይ ብቻ ሲታዩ ኒውክሊየሳቸው የኒውሮኑ ይመስላል። በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ንብርብር በንብርብር ያንሱትና ከጎንም ይመልከቱት። እኔም በዚሁ ተታልዬ ሳምንታት አጥፍቻለሁ።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ማዕከላዊው ቦይ ነው። ቦዩን የሚሸፍኑት የኢፔንዲማ ህዋሳት በጤናማ ጊዜ የሚከፋፈሉት በዝግታ ሲሆን፣ ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ ግን በፍጥነት ይባዛሉ፤ ከልጆቻቸውም አብዛኞቹ ወደ ጠባሳው ሄደው አስትሮሳይት (ሌላ የግሊያ ዓይነት)፣ ጥቂቶቹ ኦሊጎዴንድሮሳይት ይሆናሉ። ይህ ጠባሳ እንቅፋት ብቻ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ የኢፔንዲማ ህዋሳት እንዳይከፋፈሉ ሲደረግ ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ የሞቱት ኒውሮኖችም በዝተዋል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሚከፋፈሉት ህዋሳት ኒውሮን የማይሆኑት ችሎታው ስለሌላቸው ነው ወይስ አካባቢው ስለሚከለክላቸው?

መልስ 2
በእኔ እምነት ከሁለቱ አካባቢው ያመዝናል። ካደገ አይጥ ህብለ ሰረሰር ተወስደው በላቦራቶሪ የተባዙ ህዋሳት፣ በአንጎል ውስጥ አዳዲስ ኒውሮኖች በሚወለዱበት የሂፖካምፐስ ክፍል ሲተከሉ ኒውሮን ሆነዋል፤ እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሲመለሱ ግን ግሊያ ሆነው ቀርተዋል። ውጤቱን ወደ ሰው ሲያሻግሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ባደገ ሰው ዘንድ ማዕከላዊው ቦይ ብዙውን ጊዜ የተዘጋ ስለሆነ፣ የአይጡ ክፍት ቦይ የሚነግርዎት ሁሉ ለሰውም ይሠራል ማለት አይደለም።