ወንድሜ ኤቨረስት ሊወጣ ነው፤ ገንዘብ ላዋጣለት ወይስ ልከልክለው?

ጥያቄ፦ የናቲ እህት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ 34 ዓመቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ተራራ ላይ ካልዋለ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው። አምና ኪሊማንጃሮ ወጥቶ በሰላም ተመለሰ። አሁን ደግሞ በሚመጣው ሚያዝያና ግንቦት ኤቨረስት እወጣለሁ ብሎ ተነስቷል። ኔፓል፣ ካትማንዱ ካለ አንድ ድርጅት ጋር በ38 ሺህ ዶላር ተስማምቷል። ያጠራቀመው ስላልበቃው እኔንና ታላቅ ወንድማችንን 12 ሺህ ሙሉልኝ ብሎናል። እማዬ ገና አልሰማችም። የሰማች ቀን ምን እንደሚፈጠር እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ይሄ ተራራ እውነት ምን ያህል ሰው ይገድላል? ናቲ «ከመቶ አንድ ሰው ነው» ይላል፣ ደግሞ ቀለል አድርጎ ነው የሚለው። ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍረኛል። የድርጅቱ ወረቀት ላይ «ሁለት ሼርፓ ይመደብልዎታል» ይላል። ኦክስጅኑንም፣ ድንኳኑንም፣ ምግቡንም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ወንድሜ ባንዲራ ይዞ ፎቶ እንዲነሳ ብሎ የሰው አባት በረዶ ውስጥ ቢቀርስ? በከፊል የኔ ብር ነው እኮ። ሦስተኛ፣ መሄዱ ካልቀረ ድርጅቱን ምን ብለን እንጠይቅ?

«ቅብጠት ነው፣ ተይው በይው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ብዬዋለሁ። አልሠራም።

መልስ፦ ኮተታሙ

እኔ ተራራው ግርጌ እስካለው ሰፈር፣ ቤዝ ካምፕ ድረስ ነው የሄድኩት፣ ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ አልሄድኩም። ስለዚህ ጀግና አታድርጉኝ። ግን ያየሁትን ልንገርሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የእግር መንገዱ ከሚጀምርባት ከሉክላ ተነስተን በስምንተኛው ቀን ቤዝ ካምፕ ደረስን። ከፍታው 5,364 ሜትር ነው። እዚያ ስትቆሚ ፊት ለፊትሽ ያለው ኩምቡ የሚባለው የበረዶ ቁልቁለት ነው። የተሰነጣጠቀ በረዶ ነው፣ አንዳንዱ ቁራጭ ፎቅ ቤት ያክላል። ሁሉም ቁልቁል ይንቀሳቀሳል። ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሆነሽ ሲሰነጠቅ ትሰሚዋለሽ፣ አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ሰው የሚራመድ ይመስላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሽንት ወጣሁና ቀና ስል ግንባር ላይ የሚታሰሩ ባትሪዎች ተሰልፈው በበረዶው መሃል ሽቅብ ሲሄዱ አየሁ። ደንበኞቹ ተኝተዋል። የሚሄዱት ጭነት የያዙት ሼርፓዎች ነበሩ። ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ማለፍ ስላለባቸው ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ናቲ ያንን ቦታ በወቅቱ ሁሉ ጥቂት ጊዜ ነው የሚያልፈው። የእሱን ዕቃ የሚያደርሰው ሰው ግን ደጋግሞ፣ ተጭኖ ነው የሚያልፈው። «ከመቶ አንድ» የሚለው በደምሳሳው ከእውነት አይርቅም፤ ግን አደጋው ለሁሉም እኩል አይከፋፈልም። ኤፕሪል 18 ቀን 2014 ከላይ የተንጠለጠለ በረዶ ተገምሶ ኩምቡ ላይ 16 ሰው ገደለ። 16ቱም ኔፓላውያን ሠራተኞች ነበሩ፣ አንድም የውጭ ደንበኛ አልነበረበትም። መንግሥት ለቤተሰቦቻቸው መጀመሪያ ያቀረበው 40 ሺህ የኔፓል ሩፒ ነው፣ ያኔ 400 ዶላር ገደማ። ሼርፓዎቹ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ፣ የዚያ ዓመት መውጣት በኔፓል በኩል ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነው የሕይወት ኢንሹራንሳቸው ዝቅተኛ መጠን ወደ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍ ያለው። የናቲ መኪና ስንት ነው የተገዛው?

መልስ፦ ነርሷ

እህቴ፣ እኔ በሕክምናው በኩል ልግባ።

ብዙ የኛ ሰው «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይጎዳንም» ይላል። ትንሽ እውነት አለው። ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተጠንተው ደማቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ደም ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተገርመዋል። ግን ያ 3,500 ነው። ናቲ አዲስ አበባ ካደገ ደግሞ 2,400 አካባቢ ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895፣ ኤቨረስት 8,848 ሜትር ከ86 ሳንቲም። መሃል ላይ ያለው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ሌላ ዓለም ነው።

ከ8,000 በላይ ሰውነት አይለምድም። እያለቀ ነው የሚሄደው። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገባው ሲሶ ያህል ነው። ሳንባ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። አንጎል ሲያብጥ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ግን «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» ይልሻል። መጀመሪያ የሚሄደው ማመዛዘኑ ነው። እዚያ ላይ ናቲ ራሱ መወሰን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ተመለስ የሚባልበት ሰዓት ታች እያሉ፣ ራስ ሙሉ ሳለ ይወሰናል። የሚያስፈጽመውም ሌላ ሰው ነው።

የሐኪም ምርመራ ያድርግ። የከፍታ ሕመም መድኃኒቶቹን፣ ዲያሞክስም ሆነ ዴክሳሜታዞን፣ ጓደኛ ሰጠኝ ብሎ አይዋጥ።

በ2024 ኬንያዊው ቼሩዮት ኪሩይ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ሊወጣ ሞክሮ ከጫፉ ሥር ቀረ። ሬሳው የተገኘው ጫፉ ሊደረስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ነው። ጎበዝ ተራራ ወጪ ነበር። አብሮት የነበረው ናዋንግ የሚባለው ሼርፓም አልተመለሰም። ዜናው ላይ ግን የሁለተኛው ስም ብዙ ቦታ ታች ነው የተጻፈው።

መልስ፦ ደባርቄው

እኔ ደባርቅ ነው ተወልጄ ያደግሁት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ኤቨረስትን በፎቶ እንጂ አላየሁትም። ሁለተኛ ጥያቄሽን ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ኅዳር ወር ላይ ጨነቅ አድረን በነጋታው ራስ ዳሸን ልንሄድ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ላባ በተሞላ መኝታ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ባለ በቅሎው በኮንጎ ጫማ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከበቅሎው ጎን ድንጋይ ተደግፎ አደረ። ጠዋት ጋቢው ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሮበት አገኘሁት። አንዷ እንግዳ ደስ ብሏት ፎቶ አነሳችው። ስሙን አልጠየቀችውም። እሷን ልውቀስ እንዳልል፣ እኔ ከሰውየው ጋር አራት ዓመት ስሠራ የት እንደሚያድር ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ሥራው ይቅር የምትሉ ካላችሁ ግን መጥታችሁ ደባርቅ ኑሩ። ያ ሰው ልጆቹን ያስተማረው በዚያች በቅሎ ነው። በኮሮናና በጦርነቱ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደበላን እኛ ነን የምናውቀው። ስለዚህ «ሼርፓን ለማዳን አትሂድ» የሚለው አይዋጥልኝም። ስንት ይከፈለዋል፣ ምን ለብሶ ይሄዳል፣ ቢሞት ቤቱ ምን ይገባል? ወንድምሽ እሱን ያጣራ። ደግሞ ሼርፓ የሕዝብ ስም ነው፣ እንደ አማራ፣ እንደ ጉራጌ። ተሸካሚ ማለት አይደለም።

መልስ፦ ሀቁን ልናገር

ወገን፣ ትንሽ አካበዳችሁት። ማንም በግድ አልወሰዳቸውም። ሼርፓ በሁለት ወር የሚያገኘው አገሩ ላይ ሌላው በዓመት የማያገኘው ነው። ካሚ ሪታ የሚባለው ሼርፓ እስከ 2025 ድረስ 31 ጊዜ ወጥቷል፣ በገዛ ተራራው ዝነኛ ሰው ነው። ናቲም አዋቂ ሰው ነው፣ በራሱ ብር ይሂድ።

መልስ፦ ደባርቄው

በራሱ ብር ቢሆንማ እህቱ እዚህ አትጽፍም ነበር። 12 ሺህ ጎድሎታል።

ምርጫ አላቸው ላልከው፣ አላቸው። እኔም ነበረኝ። ወይ በቅሎ መንዳት፣ ወይ አገር ጥሎ መሄድ።

መልስ፦ አቶ ቁጥር

ሂሳቡን እንሥራው። የኔፓል መንግሥት የመውጫ ፈቃድ 11 ሺህ ዶላር የነበረው ከ2025 መስከረም ጀምሮ ለዋናው ወቅት 15 ሺህ ሆኗል። ከ38 ሺህ ላይ ሲነሳ 23 ሺህ ይቀራል። ከዚያ ላይ ሁለት ሼርፓ፣ ኦክስጅን፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ የአገር ውስጥ በረራ፣ ኢንሹራንስና የድርጅቱ ትርፍ አለ። ውድ የሚባሉት ከ70 ሺህ በላይ ይጠይቃሉ። ርካሹ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጧል ማለት ነው። የት እንደቆረጠ ነው የሚጠየቀው።

በጽሑፍ መልስ የሚፈለግባቸው፦ ሼርፓዎቹ የተገቡት ኢንሹራንስ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ለናቲ ስንት ጠርሙስ ኦክስጅን አለ፣ ለሼርፓዎቹስ? አንዱ ቢታመም ትርፍ አለ? ተመለስ የሚለው ማነው፣ ናቲ እምቢ ቢልስ?

አንድ ሰው የማያስባት ነገር ልጨምር፣ ለኔ ከሁሉ የበለጠችው እሷ ናት። ብዙ ድርጅት ሼርፓው ደንበኛውን ጫፍ ካደረሰ ተጨማሪ ጉርሻ ይከፍለዋል። ሰውየው «እንመለስ» ባለ ቁጥር ከኪሱ ነው የሚያወጣው ማለት ነው። ናቲ ያንን ጉርሻ ወጣም አልወጣም እከፍላለሁ ብሎ አስቀድሞ ይፈርም፣ ለሼርፓውም በቀጥታ ይንገረው። ከኦክስጅን ቀጥሎ ሕይወቱን የሚያተርፍለት ይሄ ነው።

ሌላው፣ በፈረንጆቹ 2018 የኔፓል መንግሥት ባደረገው ምርመራ የሐሰት የሄሊኮፕተር ማዳን ተጋልጧል። ትንሽ ራሱን ያመመውን ቱሪስት በግድ አስጭኖ ኢንሹራንስ ማስከፈል ነው። የማዳን ኢንሹራንስ ይግባ፣ የኢንሹራንሱን ስልክም አንቺ ጋ ያስቀምጥ።

ጥያቄ፦ የናቲ እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ደውዬለት ተጨቃጨቅን። አንድ ያለኝ ነገር ከነከነኝ። «እዚያ ላይ የወደቀ ሰው ካየህ ትቆማለህ ወይ?» ብዬ ስጠይቀው «ከ8,000 በላይ ማንም ማንንም ማዳን አይችልም፣ ሁሉም ያውቃል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ ሙሉ

ልጄ፣ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ሰው ለራሱ የሚነግረው ነው።

በፈረንጆቹ 2006 ዴቪድ ሻርፕ የሚባል እንግሊዛዊ በቲቤት በኩል ባለው መንገድ ዳር፣ ዋሻ መሳይ ቦታ ተቀምጦ ቀረ። ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች አጠገቡ አልፈዋል። አንዳንዱ የሞተ መስሎት፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳያየው፣ አንዳንዱ ደግሞ መትረፍ አይችልም ብሎ። በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጋይ ጋር መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ያኔ በሕይወት ነበር፣ በጣም ተቆጣ። በዚያው ወር፣ በዚያው መንገድ፣ ሞቷል ተብሎ የተተወው አውስትራሊያዊ ሊንከን ሆል በነጋታው ተቀምጦ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች የራሳቸውን ጫፍ ትተው አብረውት ቆዩ። ሰውየው ወርዶ ቤቱ ገባ።

በ2023 ደግሞ ጌልጄ ሼርፓ ከ8,000 በላይ የወደቀ ማሌዥያዊ አየ። ይዞት ይወጣ የነበረውን ደንበኛ አግባብቶ መለሰና ሰውየውን በፍራሽ ጠቅልሎ በጀርባው አዘለው። ለሰዓታት። ሌሎች እየተረዳዱት አወረዱት፣ ተረፈ።

የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። ቤቴ ቁጭ ብዬ በሻርፕ ጉዳይ ልፍረድ አልልም። ግን ያ የጌልጄ ደንበኛ ከፍሎ ሄዶ «እሺ እንመለስ» ብሏል። ወንድምሽን የምትጠይቂው «ታድናለህ ወይ» ብለሽ አይደለም። «ሼርፓህ ሰው ላድን ቢልህ እሺ ትላለህ ወይ?» በይው። ይሄኛውን ጥያቄ 8,000 ሜትር ሳይወጣ ሊመልሰው ይችላል።

ከባድ ቢሆንም ሬሳውንም ተነጋገሩበት። በ1979 የሞተችውን ጀርመናዊት የሃነሎሬ ሽማትስን ሬሳ ለማውረድ በ1984 የሄዱ ሁለት ኔፓላውያን ወድቀው ሞተዋል። ናቲ «ብቀር እዚያው ተዉኝ» ወይም «አምጡኝ» የሚለውን ጽፎ ይሂድ። እናታችሁ አምጡልኝ ማለቷ አይቀርም፣ እናት ናት። ያኔ ማን ሊወጣ ነው?

መልስ፦ ነርሷ

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ። የናቲ እህት፣ ይሄንን ከእማዬ ጋር አሁን አታንሺው፣ ደም ግፊት ካለባት በተለይ።

የናቲ እህት

ደም ግፊትማ አለባት።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። የአቶ ቁጥርን ጥያቄዎች ለድርጅቱ ላክን። ስለ ኦክስጅኑ ወዲያው መለሱ። ስለ ተመለስ ሰዓት «እንደ ሁኔታው» አሉ። ስለ ሼርፓዎቹ ኢንሹራንስ «በሕጉ መሠረት» ብቻ። ስማቸውን ስንጠይቅ «ቤዝ ካምፕ ሲደርስ ይተዋወቃል» አሉን። ታላቅ ወንድማችን ይሄን ሲያነብ ብሩን ተወው።

እኔ ለናቲ እንዲህ አልኩት፦ መጀመሪያ አርጀንቲና ያለውን አኮንካጓን፣ 6,961 ሜትሩን ውጣ፣ የዚያን እኔ አዋጣለሁ። ከዚያ በኋላ የሼርፓዎቹን ስምና የኢንሹራንስ ወረቀት የሚያሳይ ድርጅት ስታገኝ እንነጋገራለን። ስልኩን ዘጋብኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን እሱው ደወለ። ስለ አኮንካጓ ምንም አላነሳም። «የዚያን የደባርቁን ሰውዬ ጽሑፍ ላኪልኝ እስቲ» ብቻ አለኝ። ልኬለታለሁ።