በጥቅምት የተቆፈረ የዘር ድንች ለጥር እንዴት ይድረስ?

ጥያቄ (የጅልዱ ገበሬ)፦
ሰላም ወገኖች። ጉደኔ የሚባለውን የድንች ዝርያ በጥቅምት ቆፈርኩ። በጥር በመስኖ ልተክለው አስቤያለሁ፤ ዓይኑ ግን ገና ድፍን ነው። ጂብሬሊክ አሲድ የሚባለው የዕድገት ሆርሞን ያነቃዋል ይላሉ። የሞከረ አለ? ለቤት ያስቀረሁትስ እንዳያቆጠቁጥ ምን ልርጭበት?

መልስ (የዘር አባዢ)፦
ወንድሜ፣ በደንብ ያነቃዋል። ግን መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ለ1 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 10 ሚሊግራም። ዱቄቱ በውሃ ቶሎ አይሟሟም፣ መጀመሪያ በጥቂት አልኮል አሟሟው። ለደቂቃዎች ነክረህ ጥላ ላይ አድርቅ። ከበዛ ቡቃያው እንደ ክር ይቀጥናል፤ ስትተክል ቀንጠስ ይላል። እባክህ በጥቂቱ ጀምር።

መልስ (የግብርና ባለሙያ)፦
ለቤት ላልከው ምንም አትርጭ። ክሎርፕሮፋም የሚባለው ቡቃያ ከልካይ መድኃኒት ዘር ያለበት ቤት ከገባ ትነቱ ዘሩንም ያመክናል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃዱን ሳያድሰው ቀርቷል። ማሌይክ ሃይድራዛይድ የሚባለው ሌላው ቡቃያ ከልካይ ደግሞ የድንቹ ቅጠል አረንጓዴ ሳለ ነው የሚረጨው፤ አንተ ቆፍረሃል። የሚበላውን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑር። ዘሩን ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ሳሳ አድርገህ ዘርጋ፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። መደርደሪያውን ነገ እሠራለሁ።